በኤክሞ ላይ ያለ ሰው መቼ ይነሳ?

ከኤክሞ ማሽን ጋር፣ ማለትም የሳንባን አንዳንዴም የልብን ሥራ ከአካል ውጭ ከሚያግዝ መሣሪያ ጋር፣ የተያያዘ ታካሚ ከአልጋው ወርዶ ሲራመድ የሚያሳይ ቪዲዮ አይታችሁ ይሆናል። አንገቱ ላይ ወፍራም ቱቦ አለ። ቱቦው ውስጥ ደሙ ይታያል። አንዱ ባለሙያ ማሽኑን ይገፋል፣ ሌላው ቱቦውን ይይዛል፣ ሦስተኛው ድንገት ቢደክመው ብሎ ከኋላ ወንበር ይዞ ይከተላል። ይህን ያየ ሰው ወይ "ተአምር ነው" ይላል፣ ወይ ደግሞ "ምነው ቢተዉት፣ ይረፍ እንጂ" ይላል። ሁለቱም ስሜት ይገባኛል።

እኔ ግን ከቪዲዮው ይልቅ ከእሱ በፊት ስላሉት ቀናት ማውራት እፈልጋለሁ። ያ ሰው ለመቆም የበቃው ማሽን ላይ በተደረገ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ሰው አልጋው አጠገብ ቆሞ "ይህን ታካሚ መቼ ነው የምናነቃው?" ብሎ ስለጠየቀ ነው። ሐሳቤም ይኸው ነው። በልብና ሳንባ ማሽን የሚታገዝ ሰው ፊዚዮቴራፒ በጊዜ ያስፈልገዋል፤ ቶሎ መጀመር ማለት ግን አብዝቶ መግፋት ማለት አይደለም፤ ከመነሳት ደግሞ መንቃት ይቀድማል።

ኤክሞ ምን እንደሚሠራ በአጭሩ ላስረዳ። ደም ከትልቅ ደም መልስ፣ ብዙውን ጊዜ ከብሽሽት ወይም ከአንገት፣ በወፍራም ቱቦ ይወጣል። ፓምፕ ወደ ሰው ሠራሽ ሳንባ ይገፋዋል። እዚያ ኦክስጅን ያገኛል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያራግፋል፣ ከዚያ ወደ ሰውነት ይመለሳል። አዋቂ ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ3 እስከ 5 ሊትር ደም በዚህ መንገድ ይዞራል። ጤነኛ ልብ ዕረፍት ላይ ሆኖ በደቂቃ የሚረጨው 5 ሊትር ገደማ ስለሆነ፣ የሰውዬው ደም ያለማቋረጥ ከአካሉ ወጥቶ እየተመለሰ ነው ማለት ነው። የሚመለሰው በደም መልስ በኩል ከሆነ ማሽኑ የሚያግዘው ሳንባን ነው። በደም ቅዳ በኩል ከሆነ ልብንም ጭምር ያግዛል። ማሽኑ በሽታውን አያድንም። የታመመው አካል እስኪያገግም ወይም ንቅለ ተከላ እስኪገኝ ፋታ ይሰጣል።

በ1971 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚህ ዓይነት ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ተርፎ የወጣው አዋቂ የ24 ዓመት ወጣት ነበር። በአደጋ ተጎድቶ ሳንባው እምቢ ብሎ ነበር፤ ማሽኑ ላይ የቆየው 75 ሰዓት ነው። ዛሬ ሳምንታትን ማሽኑ ላይ የሚያሳልፉ ብዙ ናቸው። የፊዚዮቴራፒው ጉዳይም የመጣው ከዚህ ነው። ሦስት ቀን መተኛትና ሦስት ሳምንት መተኛት ሰውነት ላይ የሚያደርሱት አንድ አይደለም።

አልጋው ራሱ ያደክማል

"ይረፍ እንጂ" የሚለው ሐሳብ ከአዘኔታ የመጣ ነው፤ ማንም አይወቅሰውም። ችግሩ የጽኑ ሕመም መተኛት ዕረፍት አለመሆኑ ነው። በ2013 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት 63 ጽኑ ሕሙማንን ተከታትሎ የጭናቸውን ጡንቻ በአልትራሳውንድ ለካ። በ10ኛው ቀን የጡንቻው ስፋት በአማካይ በ17.7 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ከስድስት እጅ አንዱ በላይ ሄደ ማለት ነው፣ በ10 ቀን። ከአንድ በላይ የአካል ክፍል በተጎዳባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ መቅለጡ የባሰ ነበር። ኤክሞ ላይ የሚደርሱት በአብዛኛው እንዲህ ዓይነቶቹ ናቸው።

ጡንቻው የሚሄደው ስላልሠራ ብቻ አይደለም። ከባድ ኢንፌክሽንና የሰውነት መቆጣት ጡንቻን ያፈርሳሉ፤ ሰውነት ጡንቻ ከሚገነባበት ይልቅ የሚያፈርስበት ፍጥነት ይበልጣል፤ ነርቭም አብሮ ይጎዳል። የመተንፈሻው ጡንቻ፣ ዲያፍራም፣ ከሁሉም ይፈጥናል። በ2008 የወጣ ጥናት ከ18 እስከ 69 ሰዓት ሙሉ በሙሉ በመተንፈሻ ማሽን (አየር ወደ ሳንባ የሚገፋ፣ ከኤክሞ የተለየ ማሽን) ሲረዱ የነበሩ፣ አእምሯቸው የሞተ የአካል ለጋሾችን ዲያፍራም መርምሮ የጡንቻው ክሮች ከግማሽ በላይ ቀጥነው አገኘ። በሦስት ቀን ውስጥ ማለት ነው! ሳንባው ድኖ፣ ኤክሞው ተነቅሎ፣ ሰውዬው ግን በራሱ ለመተንፈስ አቅም የሚያጣው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላስ? በቶሮንቶ ከከባድ የሳንባ ውድቀት የተረፉ ሰዎችን የተከታተለና በ2003 የታተመ ሥራ አለ። ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ ሥራ የተመለሱት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ በጉልምስና ዕድሜ ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው። በስድስት ደቂቃ ውስጥ መራመድ የቻሉት ርቀት በእነሱ ዕድሜና ቁመት ካለ ጤነኛ ሰው ከሚጠበቀው 66 በመቶ ነበር። አምስት ዓመት ተቆጥሮ ሲለካ 76 በመቶ ደረሰ እንጂ አልሞላም። የሳንባቸው ምርመራ ግን ወደ ጤነኛ ሰው ተጠግቷል። ወደ ኋላ የጎተታቸው የጡንቻ ድካምና አብሮት የመጣው ሌላው ችግር ነው።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለማስፈራራት አይደለም። "ታካሚው ተርፏል" ሲባል እፎይ ብለን ፋይሉን የምንዘጋ ከሆነ ግማሹን ታሪክ እንደተውነው ለማሳየት ነው።

መጀመሪያ ይንቃ

ፊዚዮቴራፒስት ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲገባ በመጀመሪያ የሚገጥመው እንቅፋት ቱቦውም ማሽኑም አይደለም፤ እንቅልፉ ነው። ታካሚው በማስተኛ መድኃኒት ውስጥ ሰምጧል። ይህ ሰው እግሩ በሌላ ሰው እጅ ሊታጠፍና ሊዘረጋ ይችላል። መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ ይረዳዋል፣ ጥሩ ነው፤ ጡንቻውን ለማቆየት ግን እንደማይበቃ መቀበል ያስፈልጋል። ጡንቻ የሚጠበቀው ሰውዬው ራሱ ሲጠቀምበት ነው።

በ2000 የወጣ አንድ የቺካጎ ጥናት ለ128 ታካሚዎች የማስተኛ መድኃኒትን በየቀኑ አቁሞ መቀስቀስን ሞከረ። በየቀኑ የተቀሰቀሱት በመተንፈሻ ማሽን ላይ የቆዩበት ጊዜ ከ7.3 ወደ 4.9 ቀን ወረደ። ከዚያ በ2009 ይህንኑ መቀስቀስ ከፊዚዮቴራፒና ከኦኩፔሽናል ቴራፒ (እንደ መልበስና መብላት ያሉ የዕለት ተዕለት ሥራዎችን መልሶ ከማለማመድ) ጋር ያጣመረ ሥራ መጣ። 104 ሰዎች በዕጣ ተከፋፈሉ። አንደኛው ቡድን የመተንፈሻ ቱቦ በገባለት በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ሕክምናው ተጀመረለት፤ ሌላው ከሳምንት በላይ ቆየ። ከሆስፒታል ሲወጡ ራሳቸውን ችለው መልበስ፣ መታጠብ፣ መብላትና መራመድ የቻሉት ቶሎ ከጀመሩት 59 በመቶ፣ ከዘገዩት 35 በመቶ ነበሩ። የሚቃዡባቸውም ቀናት አጠሩ።

ኤክሞ ላይ ይህ የበለጠ ትርጉም አለው። የኦክስጅኑን ሥራ ማሽኑ ከተሸከመው አንዳንድ ታካሚዎች ጉሮሯቸው ውስጥ ያለው የመተንፈሻ ቱቦ ራሱ ሊወጣላቸው ይችላል። በተለይ የሳንባ ንቅለ ተከላ ለሚጠብቁ ሰዎች ብዙ ማዕከላት የሚመርጡት ይህን ነው፦ ነቅቶ፣ እያወራ፣ በአፉ እየበላ፣ እየተራመደ ተራውን ይጠብቅ። የደከመ ሰው ከባድ ቀዶ ሕክምናን አይቋቋመውም፤ አንዳንዴም በድካሙ ምክንያት ከወረፋው ሊሰረዝ ይችላል። ለእነዚህ ሰዎች መራመድ ተጨማሪ ነገር ሳይሆን ለንቅለ ተከላው ብቁ ሆኖ የመቆየት ጉዳይ ነው።

ያልተጠበቀው ውጤት

እስከ 2022 ድረስ ወሬው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይነፍስ ነበር። ቶሎ አስነሱ፣ አብዝታችሁ አስነሱ። ከዚያ በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የተመራው ቲም የተባለው ትልቅ ጥናት ወጣ። በመተንፈሻ ማሽን ላይ ያሉ 750 ታካሚዎች ገቡበት። ግማሾቹ ከፍ ያለ እንቅስቃሴ፣ ግማሾቹ ደግሞ እንደወትሮው የሚሰጠውን እንክብካቤ አገኙ። በ180 ቀን ውስጥ በሕይወት ኖረው ከሆስፒታል ውጭ ያሳለፉት ጊዜ በመጀመሪያው ቡድን 143 ቀን፣ በሁለተኛው 145 ቀን ሆነ። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ይባስ ብሎ ከእንቅስቃሴው ጋር የተያያዙ ችግሮች፣ የልብ ምት መዛባት፣ የደም ግፊት መለዋወጥ፣ የኦክስጅን መውረድ የመሳሰሉት፣ ከፍ ያለ እንቅስቃሴ ባደረጉት 9.2 በመቶ፣ በሌሎቹ 4.1 በመቶ ታዩ።

ብዙዎች ይህን አይተው "በቃ፣ ፊዚዮቴራፒው ከንቱ ነው" አሉ። በፍጹም አልስማማም። "እንደወትሮው" የተባሉት ሰዎች ዝም ብለው የተተዉ አልነበሩም። በቀን በአማካይ ወደ 9 ደቂቃ ንቁ እንቅስቃሴ ያደርጉ ነበር። ሌሎቹ ደግሞ ወደ 21 ደቂቃ። ጥናቱ ያወዳደረው በልክ መንቀሳቀስን አብዝቶ ከመንቀሳቀስ ጋር እንጂ መንቀሳቀስን ከመተኛት ጋር አይደለም። የነገረንም ቁም ነገር አለው፤ ገና ባልተረጋጋ ሰውነት ላይ ደቂቃ መጨመር ጥቅም አይጨምርም፣ አደጋ ግን ሊጨምር ይችላል። ከስትሮክ ሕክምናም የተገኘው ትምህርት ተመሳሳይ ነው። በ2015 ከ2,000 በላይ ሰዎችን ያሳተፈው ጥናት በመጀመሪያው ቀን አብዝቶ ማስነሳት ውጤቱን እንዳባባሰው አሳይቷል።

በሌላ በኩል በ2023 ከቺካጎ የወጣው ውጤት አለ። 200 ታካሚዎች፤ ግማሾቹ በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ውስጥ እንቅስቃሴ ጀመሩ። ከአንድ ዓመት በኋላ የማሰብና የማስታወስ ችግር የተገኘባቸው ቶሎ ከጀመሩት 24 በመቶ፣ ከዘገዩት 43 በመቶ ናቸው። ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳነብ እኔ የምረዳው ጊዜው እንደሚጠቅም፣ መጠኑ ግን ልክ እንደሚፈልግ ነው። ቶሎ ጀምር፣ በጥቂቱ ጀምር፣ የሰውዬውን ሁኔታ እያየህ ጨምር።

ኤክሞ ላይ ብቻ ያተኮሩት ጥናቶች ትንንሽ ናቸው። የኒው ዮርኩ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2014 ባወጣው ሥራ ከ100 የኤክሞ ታካሚዎች 35ቱ ንቁ ፊዚዮቴራፒ አድርገዋል፣ 18ቱ ተራምደዋል። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ከ254 ታካሚዎች 167ቱ ፊዚዮቴራፒ አግኝተዋል። አብዛኞቹ ቱቦው በብሽሽታቸው የገባ ነበር፤ የተመዘገቡት ችግሮች ጥቂትና ቀላል ናቸው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቀደም ሲል "በብሽሽቱ ቱቦ ያለበት ሰው ዳሌውን አያጥፍ" እየተባለ ሰዎች ለሳምንታት በጀርባቸው ይተኙ ነበር። በ2020 ደግሞ በ20 ሰዎች ላይ በዕጣ የተሠራ ሙከራ ሥራው ሊሠራና በጥንቃቄ ከተያዘ አደጋ የማያስከትል መሆኑን አሳይቷል። ሕይወት ያተርፋል ወይ የሚለውን ግን 20 ሰው ሊመልስ አይችልም። እንዲህ ያሉ ጥናቶች የሚነግሩን "ይቻላል" የሚለውን ነው፤ "ይጠቅማል" የሚለው ማስረጃ በአብዛኛው ከሌሎች ጽኑ ሕሙማን የተወሰደ ነው። ይህን ልዩነት የማያነሳ ጽሑፍ ካያችሁ ጠርጥሩ።

አልጋ ጫፍ ላይ አምስት ደቂቃ

የመጀመሪያው ቁም ነገር መራመድ አይደለም። አልጋ ጫፍ ላይ መቀመጥ ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? እስቲ ቀረብ ብለን እንየው።

ማንም ሰውዬውን ከመንካቱ በፊት ቱቦዎቹ ይታያሉ። ቱቦው ቆዳ ጋ ምን ያህል ገብቶ እንደነበር የሚያሳየው ምልክት ቦታው ላይ ነው? ስፌቱ ጠብቋል? ከብሽሽት የወጣው ጭኑ ላይ፣ ከአንገት የወጣው ግንባሩ ላይ በደንብ ታስሯል? ከሽንት ቱቦ እስከ ደም ግፊት መለኪያው ድረስ ያሉት ገመዶች ወደሚወርድበት በኩል ተሰብስበዋል? አንድ ሰው፣ ነርስ ወይም ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ፣ ሌላ ሥራ አይኖረውም፤ ቱቦውን ይይዛል፣ የማሽኑን ቁጥር ያያል። ትዕዛዝ የሚሰጠውም አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁሉም ባንዴ ከተናገረ ታካሚው የማንን ይስማ?

ከዚያ የአልጋው ራስጌ ቀስ እያለ ይነሳል። ይቆማል። ግፊቱ ይታያል። ደግሞ ይነሳል። እግሮቹ ይወርዳሉ፣ አንድ ሰው ከኋላ ጀርባውን ይደግፋል። ብዙ ጊዜ የሚያስደነግጠው ነገር ያኔ ይመጣል፦ ጭንቅላቱ ወደ ፊት ይወድቃል። የአንገት ጡንቻ ጭንቅላት መሸከም አቅቶታል። ለሁለት ሳምንት ጣሪያ ብቻ ያየ ሰው በመጀመሪያው ቀን ትልቁ ሥራው አገጩን ቀና ማድረግ ሊሆን ይችላል፤ ሲሳካለት ክፍሉን፣ መስኮቱን፣ ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው ያያል። እግሩ መሬት ይነካል። "እግርዎን መሬት ላይ ጫን ያድርጉ" ይለዋል ፊዚዮቴራፒስቱ። ጉልበቱ በትንሹ ይንቀሳቀሳል። ላብ ይወጣዋል።

መሀል ላይ ቱቦው መንቀጥቀጥ ሊጀምር ይችላል። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ወዲያው ነው የሚያዩት። ደም የሚስበው ቱቦ የደም ሥሩን ግድግዳ እየጎተተ ነው፤ በቂ ደም አላገኘም፣ ወይም ዳሌው አብዝቶ ታጥፎ ቱቦውን ተጭኖታል። የደሙ ፍሰት ይወርዳል። መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ ሰውዬውን ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል ማድረግና መጠበቅ ነው፤ ካልተስተካከለ ይተኛል፣ ምክንያቱ ይፈለጋል። ትንፋሹ ከፈጠነ ደግሞ ሰው ሠራሽ ሳንባው ውስጥ የሚያልፈው ጋዝ ከፍ ይደረግለታል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ማሽኑ ሲያወጣለት የትንፋሽ ጥድፊያው ይቀንሳል። ይህ ኤክሞ ለፊዚዮቴራፒ የሚሰጠው ጥቅም ነው፤ ሳንባው የማይችለውን ሥራ ማሽኑ እየተሸከመለት ጡንቻው ይሠራል።

አምስት ደቂቃ። ከዚያ ይመለሳል፣ ቱቦዎቹ ደግመው ይታያሉ። ቱቦ የገባበት እግር ጣቶች ሙቀትና ቀለምም ይታያል፤ በተለይ ቱቦው በደም ቅዳ ከገባ እግሩ ደም ሊያጥረው ይችላልና። ነገ ምናልባት ሰባት ደቂቃ ይሆናል። ወይም ትኩሳት ይነሳበትና ምንም አይሆንም።

ምንም አለማድረግ ትክክል የሚሆንበት ቀንም አለ። ደም እየፈሰሰው ያለ፣ ግፊቱን ለመያዝ ብዙ መድኃኒት የሚፈልግ፣ የልብ ምቱ የሚዘበራረቅ፣ ደረቱ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያልተዘጋ ሰው አይነሳም። የኤክሞ ታካሚዎች ብዙዎቹ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ስለሚወስዱ አንዲት የቱቦ መንሸራተት ቀልድ አይደለችም። በእንዲህ ያለ ቀን ፊዚዮቴራፒስቱ የሚሠራው ሌላ ነው፦ የተረከዝ አቀማመጥ፣ የቁርጭምጭሚት አንግል፣ አክታ ማውጣት፣ የአተኛኘት ለውጥ።

ትልቁ ችግር ሰው ነው። አንድ የኤክሞ ታካሚ ለማስነሳት አራት ወይም አምስት ባለሙያ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሊያዝ ይችላል። በሥራ በተወጠረ ክፍል ውስጥ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ "ዛሬ ሰው የለም" የሚለው መልስ ከስንፍና የመጣ አይደለም። ግን ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ ፊዚዮቴራፒስቱና የማሽኑ ባለሙያ ጠዋት አልጋው አጠገብ ሁለት ደቂቃ ቆመው የዛሬውን ግብ ቢስማሙ፣ የማስተኛ መድኃኒቱ የሚቀነስበት ሰዓትና ፊዚዮቴራፒው የሚሰጥበት ሰዓት ቢገጥም፣ ብዙው ነገር ይቀላል። አብዛኛው ዕድል የሚባክነው ፊዚዮቴራፒስቱ ሲመጣ ታካሚው ተኝቶ፣ ታካሚው ሲነቃ ፊዚዮቴራፒስቱ ሄዶ ነው። ይህ ያናድደኛል፤ ለማስተካከል አዲስ ማሽን አይፈልግማ!

ቤተሰብ ከሆናችሁ ደግሞ መጠየቅ መብታችሁ ነው። "ዛሬ የማስተኛ መድኃኒቱ ምን ያህል ነው? ሊቀነስ ይችላል? የዛሬ የእንቅስቃሴ ግቡ ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ነርሷ ከፈቀደች የእጁን ጣቶች ማንቀሳቀስ፣ ቀኑንና ሰዓቱን መንገር፣ መነጽሩንና የመስሚያ መርጃ መሣሪያውን ማምጣት ትችላላችሁ። መነጽሩን ያጣ ሰው ይበልጥ ግራ ይጋባል። እግሩን ግን ሳትጠይቁ አትሹት፤ የረጋ ደም ሊኖር ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው እሱ ነውና። ኤክሞው ተነቅሎ ታካሚው ወደ መደበኛ ክፍል ሲዛወር የፊዚዮቴራፒው ጊዜ ብዙ ቦታ ላይ ይቀንሳል፤ ጡንቻው ገና መመለስ የሚጀምረው ግን ያኔ ነው። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ጉልበቱን የሚለኩበት መንገድ አለ፦ የእጅና የእግር 12 የጡንቻ ቡድኖች እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 5 ነጥብ ያገኛሉ፣ ድምሩ ከ60 ይያዛል፣ ከ48 በታች ከሆነ ከጽኑ ሕመም የመጣ ድካም አለበት ይባላል። ይህ ቁጥር በዝውውር ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። ሳይረዳ መቀመጥ ይችላል? ሲቆም ስንት ሰው ይደግፈዋል? መዋጥ ይችላል? አዲሱ ክፍል ይህን ካላወቀ ሰውዬው እንደገና አልጋ ላይ ይቀራል፤ ያ ሁሉ የአልጋ ጫፍ ልፋትም ከዜሮ ይጀመራል።